የሞተር ሾክ ይከፈታል፤ ኦክስጅን ግን አትሙሉበት

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ ብርዱ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። ዛሬ የግቢዬ ቧንቧ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ጠብ አላለም፤ ውሃው ውስጡ ረግቶ ነበር። እስኪለቀው ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ብዕር ያስነሳኝ ባለፈው በአንባቢያን ገጽ ያወጣችሁት ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው በየወረዳው ግቢ ቆመው ዝናብና ፀሐይ ስለሚፈራረቅባቸው የመንግሥት ሞተር ሳይክሎች ነው የጻፉት። ተመዝነው ለብረት አቅላጭ ይሸጡ ይላሉ። ንዴታቸው ይገባኛል። እኔም በዚያ አጥር ሥር ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ግን አንድ ቦታ ላይ "የኋላ ሾካቸው አንዴ ከሞተ ስለማይጠገን" የሚል አለ። ሾክ የመንገዱን ምት የሚያለዝበው ክፍል ነው። እዚያ ላይ ስደርስ የቡና ስኒዬን አስቀመጥኩ።

ይጠገናል። የእኔዋ ሞተር ከጥቅምት ወዲህ እየሄደች ነው። ሾኳን ፈትተን፣ አጥበን፣ ያለቀውን ቀይረን የገጠምነው እኔና የእህቴ ልጅ ነን። እዚሁ በረንዳዬ ላይ። ከጃፓን የመጣ ሰው የለም።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ሥራዬ ላም ማዳቀል ነበር። በወረቀት ላይ "አዳቃይ ቴክኒሺያን" ይባላል። ገበሬው ግን "የኮርማው ሰውዬ" ነበር የሚለኝ፤ ልጆቼ በዚህ ስም ትምህርት ቤት ብዙ ተቀልዶባቸዋል። 29 ዓመት በአንጎለላና ጠራ እና በባሶና ወራና ቀበሌዎች ዞሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ 3 ዓመት ሆነኝ።

አዳቃይ ያለ ሞተር አይሠራም። ላም ኮርማ የምትፈልገው በራሷ ሰዓት ነው፣ በመሥሪያ ቤት ሰዓት አይደለም። ጠዋት የታየች ማታ ትዳቀላለች፤ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት። ያቺ ሰዓት ካለፈች 21 ቀን መጠበቅ ነው። ገበሬው 21 ቀን ሙሉ መኖዋን ይከፍላል፣ ወተት የለም፣ ጥጃ የለም።

የኮርማውን ዘር የምንይዘው በኮንቴይነር ነው። ቃሊቲ ካለው የማዳቀያ ማዕከል በቀጫጭን ስትሮ ተደርጎ ይመጣል፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይነከራል። ናይትሮጅኑ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። ኮንቴይነሩ ትልቅ ፔርሙዝ በሉት። ውስጠኛው ጋን ከውጭኛው ጋር የሚያያዘው በአንገቱ ብቻ ነው፤ በመሃላቸው አየር እንኳ የለም። ማለትም ውስጠኛው በአንገቱ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል። ሞተሯ በኃይል ስትነጥር ደወሉ ይወዛወዛል። አንገቱ አንዴ ከተሰነጠቀ አበቃ። ውጭው ላይ አመዳይ ይጋግራል፣ ናይትሮጅኑ ተንኖ ያልቃል፣ ዘሩም ይሞታል።

ይህ በ2002 ዓ.ም. ደርሶብኛል። ከጫጫ ወደ ውስጥ በሚገባው ኮረኮንች ላይ ነበርኩ። ሞተሬ ከጥቂት ቀን በፊት ጀምሮ ከኋላ ትነጥር ነበር። መንገዱ ላይ አንድ ጉድባ አለ፣ ሁልጊዜ የማልፈው። ያን ቀን ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ደግሞ ነጠረች፣ ደግማ ነጠረች። ሦስተኛው ላይ ከኋላዬ "ቀጭ" የሚል ነገር ሰማሁ። ገበሬው ቤት ደርሼ ሳይ ኮንቴይነሩ ጎኑ ነጭ ሆኗል። ሴትየዋ "ምነው ጨው አስመሰለው?" አለችኝ። ያን ቀን ሦስት ላሞች ይጠብቁኝ ነበር።

የዚያ ሁሉ ምክንያት ከጣት ቀለበት ብዙም የማይበልጥ አንድ ፓራኦሊዮ ነው፤ ከሾኩ ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክለው ቀለበት ማለቴ ነው። ይህን ያወቅኩት ግን ከ15 ዓመት በኋላ ነው።

ሞተሯ ሆንዳ ኤክስ አር 250 ናት። ቀይ ነበረች፣ አሁን ቀለሟን ለመናገር ያስቸግራል። ለእርዳታ ሥራ መጥታ ኋላ ለግብርና የተሰጠች ናት። እኔ ስረከባት የሰው እጅ ብዙ አይታለች። ያኔ ሾኳ ሲሞት መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሞተር ሰጠኝና እሷን አጥር ሥር አቆማት። 7 ዓመት ቆመች። ዶሮ ሥሯ ትፈለፍል ነበር። በ2009 ጨረታ ሲወጣ ተጫርቼ ገዛኋት። ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ የገዛኸው ሞተር ነው ወይስ ትዝታ?" ብላኛለች። መልስ አልነበረኝም።

ስለ ሾክ ትንሽ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ከውጭ የሚታየው ትልቁ ሞላ ነው። ሰው ሾክ ማለት ሞላው ይመስለዋል። ሞላው ክብደት ይሸከማል እንጂ ራሱን አይገዛም። ተጭኖ ሲለቀቅ ያልተገራ በቅሎ ነው፤ ያገኘውን ጉልበት ሁሉ መልሶ ይረግጣል። የሚገራው ሞላው መሃል ያለው ቱቦ ነው። በቱቦው ውስጥ ዘይት አለ፣ በዘይቱ ውስጥ ቀዳዳ ያለው ፒስተን በዘንግ ይመላለሳል። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይከብደዋል፣ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከረጅም መንገድ በኋላ ሾኩን ብትነኩት የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ጋዝ አለ። በእኔዋ ላይ ከሾኩ ጋር በቧንቧ የተያያዘች አንዲት ትንሽ ጋን አለች። ውስጧ የጎማ ፊኛ አለ፣ ፊኛው በናይትሮጅን ተነፍቷል። ሥራው ዘይቱን ዘወትር ማስጨነቅ ነው። ካልተጨነቀ ዘይቱ ሲናጥ አረፋ ያወጣል፣ ፒስተኑም በአረፋ ውስጥ እንደ ልቡ ይንሸራተታል። የ2002ቱ ነጠራ ይኸው ነበር፤ ግማሹ ዘይት በፓራኦሊዮው አንጠባጥቦ አልቋል፣ የቀረው አረፋ ሆኗል።

በ2009 ሞተሯን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ሾኩን ከፈተ፣ የቤት መኪና የሞተር ዘይት 40 ቁጥር ሞላበት፣ ጎሚስታ ጋ ወስዶ በጎማ መንፊያ አየር ነፋበት። "እንደ አዲስ ሆነች" አለኝ። እውነትም ለ3 ሳምንት ጥሩ ነበረች። ኅዳር ሲገባ ጠዋት ጠዋት እንደ ድንጋይ ትጠነክራለች፣ ከሰዓት ትለሰልሳለች። 40 ቁጥር ዘይት በደብረ ብርሃን ውርጭ ማር ነው የሚሆነው። ለሾክ የሚሆነው እጅግ ቀጭን ዘይት ነው፣ 2.5 ወይም 5 ቁጥር። በወሩ መጨረሻ ፓራኦሊዮው ጨርሶ ተፋ።

ሌላ መካኒክ ደግሞ መፍትሔ አለኝ አለ። ሾኩን አውጥቶ በቦታው የብረት ቱቦ በይዶ ሊገጥምልኝ። ይህን ያስደረገ ሰው አውቃለሁ። ሞተሩ አንድ ክረምት ሄዶ መቀመጫው ሥር ያለው ሻንሲው ተሰነጠቀ። መንገዱ የሚመታውን አንድ ነገር መቀበል አለበት። ሾኩ ካልተቀበለው ሻንሲው ይቀበለዋል፣ ሻንሲው ካልቻለ የነጂው ወገብ። "አይሆንም" ብዬ ሞተሯን ቤቴ አስገባኋት። ማዳበሪያ ከረጢት አለበስኳት።

አምና የእህቴ ልጅ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ እኔ ዘንድ ተቀመጠ። አንድ ቀን ከረጢቱን ገልጦ ሲያያት አገኘሁት። "ጋሼ፣ ይቺን እንክፈታት" አለኝ። የሰርቪስ ማንዋሏን በስልኩ አወረደ። እኔ መነጽሬን ፈለግኩ።

አፈታቱን በዝርዝር አልዘልቀውም፣ ማንዋሉ ይናገረዋል። መቀመጫ፣ የጎን ክዳን፣ የማጣሪያ ሳጥን፣ ከዚያ ላይና ታች ያሉት ቡሎኖች። የታችኛው ቡሎን ዝጎ ከቦኮላው ጋር አንድ ሆኖ ነበር፤ ሁለት ቀን ናፍጣ አጠጣነው። ሞላውን የሚያስጨንቁ ሁለት ትልልቅ የቀለበት ዳዶዎች አሉ። ከመንካታችን በፊት የት እንደቆሙ በካሊፐር ለክተን ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፍን። አሁንም አለ፣ ባለቤቴ እንዲጠፋ ትፈልጋለች። በመጨረሻ ሞላውን ያወጣነው የሞላ መጭመቂያ ተበድረን ነው። በገመድና በእንጨት የሚሞክር ሰው ካለ ይተወው። የተጨመቀ ሞላ ሲያመልጥ ጥርስ ይዞ ነው የሚሄደው።

ጋዙን ማስተንፈስ ይቀድማል። በጋኗ ጫፍ እንደ ጎማ ያለ ቫልቭ አለ። ፊት ዞር አድርጎ፣ መነጽር አድርጎ ቀስ ብሎ መጫን። የእኔዋ ትንፍሽ አላለችም። የጎሚስታው አየር ከሄደ ቆይቷል። ቢሆንም ቫልቩን ሳይጫኑ የጋኗን ኮፍያ መፍታት የለም፤ ጋዙ ካለ ኮፍያው እንደ ጥይት ነው የሚወጣው።

ዘይቱ ሲፈስ ልጁ አፍንጫውን ያዘ። የጠላ አተላ ነው የሚመስለው፣ ሽታው ግን የሰነበተ ዓሣ። ጣቴን ነክሬ ሳሸው የብረት ብናኝ ያብረቀርቃል። በሥራ ላይ ሳለሁ 250 ሲሲ ሞተር ላይ ስንት ዓመት ተቀምጬ የሾክ ዘይት አንዴ አልቀየርኩም። የሞተሩን ዘይት በየጊዜው እቀይር ነበር። የሾክ ዘይትም እንደሚያረጅ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው ልቤን የወሰደው። ፒስተኑ ላይና ታች ሮንዴላዎች ተደርድረዋል። ሮንዴላ ስላችሁ የቡሎኑን አታስቡ። እንደ ምላጭ የሳሱ ናቸው፣ ትልቁ ከታች፣ እያነሱ እያነሱ ወደ ላይ። ዘይቱ ሲገፋቸው ጫፋቸው ይታጠፍና መንገድ ይሰጠዋል። ሞተሯ በትንሽ ጠጠር ላይ ለስላሳ፣ በትልቅ ጉድባ ላይ ጠንካራ የምትሆነው በእነሱ ነው። ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ሾኩ ሌላ ሾክ ይሆናል። ልጁ የልብስ ማንጠልጠያ ሽቦ አቃንቶ አንድ በአንድ እንደ መቁጠሪያ ሰካቸው። እኔ ስናወጣ ቆጠርኩ፦ 14። አጥበን ስንመልስ ቆጠርኩ፦ 13።

በረንዳውን በባትሪ ፈተሽን። ምንጣፉን አራገፍን። ልጁ የላምባውን ጣሳ በሻይ ማጥለያ አጠለለ፤ ማጥለያውን ለባለቤቴ አዲስ ገዝቼ ተክቻለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቡና ስጠጣ ስኒው ላይ "ቀጭ" የሚል ነገር ሰማሁ። ሮንዴላዋ በዘይት አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ተለጥፋ ነበር።

ዘንጉን በብርሃን አየነው። 14 ሚሊ ውፍረት ነው። አንድ ቦታ ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ጉድጓድ አለች፣ ክሮሙን ዝገት በልቶት። ፓራኦሊዮውን ሲበላ የኖረው እሷ ናት። በተመላለሰ ቁጥር ከንፈሩን ትልጠው ነበር። ጠርዟን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አለሰለስናት። በደንቡ ዘንጉ እንደገና ክሮም መነከር ነበረበት፤ እዚህ የሚነክር አላገኘሁም። ስለዚህ የእኔ ጥገና ለዘላለም አይደለም። አንድ ቀን ደግሞ ታንጠባጥባለች። ያኔ ደግሞ እከፍታታለሁ።

ፓራኦሊዮውን ፍለጋ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ወርጃለሁ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሚኒባስ። መጀመሪያ ሶማሌ ተራ አንዱ ነጋዴ የውሃ ፓምፕ ፓራኦሊዮ "ያው ነው" ብሎ ሊሰጠኝ ነበር። ያው አይደለም። የሾኩ ፓራኦሊዮ ግፊት ይችላል፣ ውጭው ላይ ደግሞ አቧራ የሚጠርግ ሁለተኛ ከንፈር አለው። በሁለተኛው ጉዞ አሮጌውን በኪሴ ይዤ ሄድኩና አንድ አዛውንት ሱቃቸው ጥግ ካለ ቆርቆሮ አወጡልኝ። ዋጋውን ስሰማ ሳቅኩ። አንድ ኪሎ ቡና አይገዛም። ለዚህ ነው ሞተሯ 7 ዓመት ዶሮ ያስጠለለችው።

ዘይት አሞላሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሾኩን ሞርሳ ላይ በጆሮው ብቻ ነው የምታስሩት፤ ቱቦውን ከጨመቃችሁ ፒስተኑ አይመላለስም። ዘይቱን ሞልታችሁ ዘንጉን ቀስ እያላችሁ ትገፋላችሁ፣ ትስባላችሁ። አረፋ ይወጣል። በእንጨት መዶሻ ጎኑን ታንኳኳላችሁ። ደግሞ ይወጣል። ልጁ ቸኩሎ "አለቀ" ሲል እኔ "ቆይ፣ ላም እያለብክ እንደሆነ አስብ" አልኩት። ማታ ሸፍነን አሳደርነው። ጠዋት ሦስት ትልልቅ አረፋዎች ደግሞ ላዩ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመጣ፤ ጋዜጣችሁ ቦታ ካጠረው ሌላውን ቆርጦ ይህን ያውጣልኝ።

ጋዙን ለመሙላት መጀመሪያ የሄድነው ወደ አንድ ብየዳ ቤት ነው። እዚያ ያለው ወጣት ነገሩን ሰምቶ ያለ ምንም ክፋት "ናይትሮጅን የለንም፣ ኦክስጅን ግን ሙሉ ሲሊንደር አለ፤ ያው ጋዝ አይደል?" አለ። ቱቦውን ማምጣት ጀምሮ ነበር። እጁን ያዝኩት።

ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ክብሪት አይፈልግም። እሳቱ ራሱ ይነሳል። በያጆች የኦክስጅን ሲሊንደር ቁልፍ ላይ ግራሶ አይነካም የሚሉት ለዚህ ነው፤ ወጣቱም ይህን ተምሯል፣ ሾክ ውስጥ ዘይት መኖሩን ግን አላሰበውም። ዘይትና ኦክስጅንን የሚለየው አንድ ቀጭን ፊኛ ነው፣ ያውም አሮጌ። ያንን ከመቀመጫችሁ ሥር አድርጋችሁ ልትሄዱ ነው። ሞተር ነጂዎች፣ መካኒኮች፣ ብየዳ ቤቶች፦ እባካችሁ ኦክስጅን ሾክ ውስጥ አታስገቡ።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣለት። "ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ናይትሮጅን ሲሸከሙ ኖረው የለም እንዴ? ከኮንቴይነር ጥቂት ብናፈስበትስ?" አለኝ። እውነት ለመናገር ለአንድ አፍታ ልቤ አሰበው። ግን ፈሳሹ አንድ ሊትር ሲተን ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያ ቦምብ ነው። ያም ባይሆን ብርዱ ፊኛውን እንደ ብስኩት ያደርገዋል። እኔ ጓንቴን ረስቼ ስትሮ ሳወጣ የተቃጠለ ጣት አለኝ፣ አሳየሁት።

መልሱ የተገኘው ባልጠበቅነው ቦታ ነው፤ ፍሪጅና ማቀዝቀዣ የሚጠግን ሰው ዘንድ። እነሱ ቧንቧ ሲፈትሹ ደረቅ ናይትሮጅን ይጠቀማሉ፣ ሲሊንደር ከነመለኪያው አላቸው። በከተማችን ፋብሪካ በበዛበት በአሁኑ ጊዜ እንዲህ ያለ ባለሙያ አይጠፋም። ሰውየው በአምስት ደቂቃ ሞላልን። ብዙዎቹ ሾኮች ወደ 10 ባር ይፈልጋሉ፣ ከቤት መኪና ጎማ አራት አምስት እጥፍ። የራሳችሁን ግን ከማንዋሉ እዩ። ከሞላ በኋላ በጎማ መለኪያ ልፈትሽ አትበሉ። ፊኛዋ ትንሽ ስለሆነች መለኪያው ውስጥ የምትገባው ትንፋሽ ብቻ ግፊቱን ታወርደዋለች።

አየርስ ለምን አይሆንም ትሉ ይሆናል። አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ችግሩ የቀረው ነው። እርጥበት ይዞ ይገባል፣ ኦክስጅኑም ጎማውንና ዘይቱን ያስረጃል። ቸግሮት አየር የነፋ ሰው አይሞትም። ሾኩ ግን ዕድሜው ያጥራል።

ሰውየው ቱቦውን ሲነቅል ዘንጉን በእጄ ገፋሁት። ከበደኝ። ስለቀው ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ መልሶ ወጣ። ደግሜ ገፋሁት። ልጁ "ጋሼ፣ ይበቃዎታል፣ ሂሳብ እንክፈል" እስኪለኝ ድረስ ስጫወትበት ነበር።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ሾኩን ከመመለሳችን በፊት ከሥሩ ያሉትን መገጣጠሚያዎች ፈታን። በእነዚህ ሞተሮች ሾኩ ከኋላ ክንዱ ጋር የሚገናኘው በሦስት ማዕዘን ብረት ነው፣ በውስጡ ቀጫጭን የመርፌ ኩሽኔታዎች አሉ። የእኔዎቹ ከግራሶ ይልቅ ቀይ አፈር ነበራቸው። ብዙ ሰው ሾኬ ደረቀ ሲል የደረቁት እነሱ ናቸው። እነሱን ማጠብና ግራሶ መቀባት ወጪው የግማሽ ቀን ጉልበት ነው። ሾኩን ከመክፈታችሁ በፊት ከዚያ ጀምሩ።

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሾክ ካላቸው ሞተሮች ብዙዎቹ ጫፋቸው በፋብሪካ ተጨፍልቆ የተዘጋ ነው። እነዚያ እንዲከፈቱ አልተሠሩም፣ መቀየር ነው ያለባቸው። አጥር ሥር ከቆሙት ውስጥ እንደዚያ ያሉ አሉ። ግን የብረት አቅላጩ ሚዛን ከመምጣቱ በፊት አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ዘንጉ ላይ ዘይት አለ ወይ፣ ቫልቭ አለው ወይ ብሎ ይመልከት።

በጥቅምት መጨረሻ ሞተሯን ይዤ ያንን የጫጫ ጉድባ ሄጄ ወረድኩት። አንዴ ተቀመጠች፣ አንዴ ተነሳች፣ ዝም አለች። ተመልሼ ደግሜ ወረድኩ። በግ የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ እያየኝ ነበር፤ አብዷል ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

ስመለስ በድሮ መሥሪያ ቤቴ በኩል አለፍኩ። በእኔ ቦታ አሁን አንዲት ወጣት አዳቃይ አለች። ጎበዝ ናት። ሞተሯ ከመስከረም ጀምሮ ቆማለች። ኮንቴይነሩን በባጃጅ ጭና ነው ባጃጅ እስከሚገባበት የምትሄደው፣ ከዚያ በእግሯ። "ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት አምስት ላም አመለጠችኝ" አለችኝ። አጥር ሥር ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ባለ አንድ ሾክ ናት። ዘንጉ ላይ ዘይት፣ ዘይቱ ላይ አቧራ። በጋኗ ጫፍ ቫልቭ አለ።

ንብረት ክፍሉን "እኔ በነፃ ልክፈታት፣ ፓራኦሊዮውንም በኪሴ እገዛለሁ" አልኳቸው። የመንግሥት ንብረት ያለ ኮሚቴ አይፈታም አሉኝ። ደንብ ነው፣ አልከራከርም። ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው ስል ሐሙስ ተባልኩ። ያ ሐሙስ አለፈ። ቀጣዩ ሐሙስ የጥምቀት ዝግጅት ነው ተባለ። ይህ ደብዳቤ ሲወጣ ምናልባት አንዱ የኮሚቴ አባል ያነበው ይሆናል። ከገዛሁት 1 ሊትር የሾክ ዘይት ከግማሽ በላይ ተርፎኛል፤ ክዳኑን አጥብቄ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

ጡረተኛው አዳቃይ
ከደብረ ብርሃን